የወረቀቱ አዝማሪ ይከበርልን

በዚህ ዘመን ከምንኮራባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ዘፍኖ የማያውቅ አዝማሪ ማፍራታችን ነው። ሀገራችን አዝማሪ አጥታ አታውቅም፤ ነገር ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያፈራቻቸው ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት ነበረባቸው፤ ይሰማሉ። በሠርግ ይሰማሉ፣ በጠጅ ቤት ይሰማሉ፣ በዘመቻ ይሰማሉ፣ እንዲሰሙ ባልተፈለገበት ቦታም ይሰማሉ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ማሳለጫው በሚያይ ሳሎን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰየመው ጉባኤያችን ይህን ጉድለት ለማረም በቅቷል። ውጤቱን ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታዬ መስሎ ስለታየኝ ይህን ምስክርነት በትሕትና አቀርባለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል፤ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት በ1974 እ.ኤ.አ. ታተመ። አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ እኛ ለማዕረጉ ስለተጨነቅን መሪጌታ እንለዋለን። የቀሩት በወረቀት ላይ አንድ አንድ ሰው ይፈጥራሉ፤ ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባ፣ ካህን። ከዚያ ሁሉም የሚያደርገውን በአፉ ይናገራል፤ መሳካት አለመሳካቱን የሚበይነው ባለ 20 ፊት ዳይስ ነው። በፈረንጅ አፍ ባርድ የሚሉት፣ እየዘፈነ የሚዋጋ፣ እየተሳደበ የሚያቆስል አንድ ሰው አለ። የእኛ ጠረጴዛ ያለ ብዙ ክርክር አዝማሪ ብሎታል።

የባርዱ ታሪክ በራሱ የሚያስደንቅ ነው። ጨዋታው ሲወለድ አልነበረም፤ የመጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በ1978ቱ መጽሐፍ ደግሞ ወደ ሙያው ለመግባት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በጦረኛነት ማደግ፣ ቀጥሎ ሌብነትን በሚገባ መማር፣ በመጨረሻም በጫካ ካህናት እጅ መሠልጠን ነበረበት። መግደልና መስረቅ በማዕረግ ተለክተው ይጠየቁ ነበር ማለት ነው። ዜማ መቻል ግን ያኔም አልተጠየቀም። የኋለኞቹ ሊቃውንት ግድያውንና ስርቆቱን አንስተው ይህቺን መሠረታዊ ሐሳብ ብቻ ሳይነኩ አቆይተዋል።

ከዚህ ጋር የእኛን ሀገር ልማድ አስተያዩት። ጎንደር አካባቢ ቡርቦክስን በመሰሉ የአዝማሪ መንደሮች ልጅ ከአባቱ ኋላ እየተከተለ፣ ማሲንቆ ተሸክሞ፣ በየድግሱ እንቅልፉን እያጣ ያድጋል። የመሣሪያው ሥራ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። እንጨቱ ይጠረባል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ የፈረስ ጭራ ተመርጦ ይገመዳል። ይህ ሁሉ ተደክሞ የሚገኘው አንድ ክር ነው። አንድ! በዚያ በአንዱ ክር ላይ ደግሞ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን ለይቶ እስኪያወጣ ድረስ ልጅነቱ ያልፋል። የእኛ አዝማሪ በሙያው የባንክ ሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ አዝማሪነቱን የተቀበለው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በእርሳስ ነው። ሲሳሳት በላጲስ አጠፋ።

መሣሪያም ገዝቷል። መጽሐፉ ውስጥ ማሲንቆ ስለሌለ ብርቱ ውይይት ተደርጎ ነበር። ለክራር ይቀርባል የተባለው ላየር 30 ወርቅ ነው፤ በደጋን የሚመታው ቫዮልም 30 ወርቅ ነው፤ ሉት ግን 35 ወርቅ ነው። የሀገር ባህል ወዳድ እንደመሆናችን ውድ የሆነውን መርጠን ሉት አስገዛነው። ሉት ምን እንደሚመስል ከመካከላችን ያየ የለም። ይህ ግን እስከ ዛሬ በአጨዋወቱ ላይ ያስከተለው አንድም እንከን የለም።

አንዳንድ ምቀኞች የዚህን ሰው ችሎታ ሲጠራጠሩ እሰማለሁ። ለእነርሱ ወረቀቱን ማሳየት ይበቃል። በጨዋታው ሕግ የአዝማሪ ኃይል የሚመነጨው ካሪዝማ ከሚሉት ግርማ ሞገስ ሲሆን፣ የእኛ ሰው 18 አለው፤ ተራ ሰው 10 ነው። እርግጥ ነው፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብሎ ድምፁን ማሰማት ስለሚከብደው አልፎ አልፎ ጎተራን አልፎ ሳሪስ ድረስ ይወሰዳል። ምግብ ቤት ስንገባም አስተናጋጅ የምንጠራለት እኛ ነን። ላይ ላዩን የሚያይ ሰው ይህን ዓይን አፋርነት ይለዋል። እኔ ግን ቁጠባ እለዋለሁ። 18 ግርማ ሞገስ ያለው ሰው ለረዳት አያባክነውም።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር እንግባ፤ ስለ ስድብ።

መጽሐፉ በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) እትም ለአዝማሪ አንድ ድግምት ይሰጠዋል፤ ትርጉሙ ክፉ ልግጫ እንደማለት ነው። አዝማሪው ጠላቱን በቃል ይነካዋል፤ ጠላቱም አእምሮው ይቆስላል። የጉዳቱ መጠን በባለ 4 ፊት ዳይስ ይለካል፤ ለጀማሪ አዝማሪ ቢበዛ 4 ነው። በዚያው መጽሐፍ የአንዲት ጩቤ ጉዳትም በባለ 4 ፊት ዳይስ ይለካል። አባቶቻችን ምላስን ከሰይፍ ያመሳስሉ ነበር። አጋነዋል። ምላስ ጩቤ መሆኗ በቁጥር ተረጋግጧል፤ ሰይፍማ ባለ 8 ፊት ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የሕጉ አንድ ንኡስ አንቀጽ ነው። ተሰዳቢው ስድቡን መስማት አለበት፤ የሰማውን መረዳት ግን አይጠበቅበትም ይላል። እስቲ ይህን ቆም ብለው ያስቡት። የእኛ ሊቃውንት ስንት ዘመን በሰምና ወርቅ ሲደክሙ ኖሩ! ቃሉን አንድ አድርጎ ትርጉሙን ሁለት ማድረግ፣ ላይኛውን ለጌታው አጉርሶ ታችኛውን ለታዳሚው ማቀበል፣ ጌታው ሲስቅ ታዳሚው ለምን እንደሚስቅ ማወቁ። ይህ ሁሉ ድካም የተመሠረተው በአንድ ደካማ ምሰሶ ላይ ነበር፤ በሰሚው ማስተዋል። ሰሚው ወርቁ ካልገባው ግጥሙ ባከነ። ከገባው ደግሞ አዝማሪው ባከነ። መጽሐፉ ምሰሶውን ነቅሎ ጥሎታል። ዛሬ ማንም ሳይገባው የሚያቆስል ግጥም አለን።

አፈጻጸሙን በቅርብ ለተመለከተው ደግሞ ውበቱ ልዩ ነው። ባለፈው ጊዜ ዋሻ ውስጥ ጎብሊን የሚሉት አንድ ጭራቅ መንገድ ዘጋብን። የእኛ አዝማሪ መነጽሩን አስተካከለ፤ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያም «እሰድበዋለሁ» አለ።

«ምን ብለህ?» አለ መሪጌታው።

«በጣም ከባድ ስድብ።»

ዳይሱ ተወረወረ፤ 4 ወጣ። ጎብሊኑ በኀፍረት ሞተ። እኛም ተነሥተን አጨበጨብን። ከታች ፎቅ ያሉት እማማ ጩኸቱን ሰምተው በደረጃው ላይ ሆነው፦ «ልጆች፣ ደህና ናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ። አንድ ብቻ እንደሆነ አስረድተን ሸኘናቸው። እስቲ ከጥንት አዝማሪዎች መካከል በሦስት ቃል፣ ያለ ማሲንቆ፣ ያለ ቤት መምቻ፣ ያለ ዜማ ጠላት የገደለ ማን አለ?

ማነቃቃቱም እንዲሁ ነው። ጦር ተከትለው ይዘምቱ የነበሩ አዝማሪዎች በሽለላ የፈሪውን ሀሞት ያፈሉ እንደነበር ይነገራል። ስንት ያህል እንደሚያፈሉት ግን የለካ የለም። በመጽሐፉ ከ1 እስከ 6 ነው፤ አዝማሪው በማዕረግ ሲያድግ ጣሪያው እስከ 12 ይደርሳል። የተሰጠው ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቃጠላል። የእኛ አዝማሪ ዳይሷን በሁለት ጣቱ ይዞ ለጓደኛው ያቀብላታል፤ «እንካ፣ አነቃቅቼሃለሁ» ይለዋል። ጓደኛውም «ደርሶኛል» ይላል። ርክክቡ እንደ ደረሰኝ የጠራ ነው።

ጥንቃቄን በተመለከተ ማንም ሊከራከረኝ አይችልም ብዬ አምናለሁ። የድሮው አሠራር ለሕይወት አስጊ ነበር። በ1852 እ.ኤ.አ. ከጉር አምባ ውጊያ በፊት አንድ አዝማሪ በደጃዝማች ጎሹ ፊት ቆሞ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉትን ካሳን በግጥም አዋረዳቸው። ጎሹ ወደቁ፤ አዝማሪው ተያዘ፤ በዱላ ተደብድቦ ሞተ ይላሉ ታሪክ ጸሐፊዎች። በግራዚያኒ ዘመን ደግሞ የባሰ መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ እንደራሴው በየሀገሩ እየዞሩ የሚያዜሙና የሚተርኩ ሰዎችን ከጠንቋዮችና ከንግርተኞች ጋር ደምሮ እንዲገደሉ አዘዘ፤ ተገደሉም። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የነበረው መንግሥት አንድ ክር የያዙ ሰዎችን ለማጥፋት ትእዛዝ መጻፍ አስፈለገው።

እዚህ ላይ አንባቢ በእርጋታ እንዲፈርድ እለምናለሁ። የእኛ አዝማሪ በዚያ ዘመን ቢኖር ኖሮ ግራዚያኒ አንዲት ፀጉሩን አይነካበትም ነበር። አጠገቡ ተቀምጦ ቡና ቢጠጣ እንኳ አይነካበትም። «ፋሺስቱን እሰድበዋለሁ» ብሎ ዳይስ ቢወረውር፣ 4 ቢወጣለት፣ ጓዶቹ ሁሉ ቢያጨበጭቡ፣ ማታ በሰላም ቤቱ ይገባል። የትኛው አዝማሪ ነው ታዲያ ለሀገር የሚበጀው? የሚገደለው ወይስ በየቅዳሜው ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የሚገኘው?

ስለ ካዛንቺስም አንድ ነገር ልበል፤ ጥያቄው ስለማይቀርልኝ። ከጎተራ ሩቅ አይደለችም፤ በወሎ ሰፈርና በኦሎምፒያ አድርጎ ታክሲ ያደርሳል። ለረጅም ዘመን የአዝማሪ ቤት ሰፈር እሷ ነበረች፤ መላኩ በላይ በእስክስታው ዓለምን ያዳረሰው ፈንዲቃም የተወለደው እዚያ ነው። የእነዚያን ቤቶች አሠራር የማያውቅ ካለ ላስታውሰው። ገብተህ ትቀመጣለህ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይመጣና ፊትህ ይቆማል። መላጣህን ያያል፣ ክራቫትህን ያያል፣ አብራህ የመጣችውን ያያል፤ ሳትጠይቀው ሦስቱንም በአንድ ስንኝ አስሮ ለቤቱ ሁሉ ያድለዋል። ከጎንህ ያለው ደግሞ «ተቀበል!» ይልና የባሰውን ያቀብለዋል። ቤቱ ይስቃል። አንተም ትስቃለህ፤ ከዚያ ከኪስህ ብር አውጥተህ፣ አሁን በሰደበህ ሰው ግንባር ላይ በገዛ እጅህ ትለጥፋለህ። ወጥተህ ስትሄድ ስለ ራስህ የማታውቀውን አንድ ነገር አውቀህ ነው። ይህ ለአንድ ጨዋ ሰው የሚገባ መስተንግዶ ነውን?

የእኛ አዝማሪ ማንንም ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ወረቀቱን ነው የሚያየው። መላጣ ያለን ሰዎች ከእርሱ ጋር በሰላም ኖረናል።

በ2017 ዓ.ም. መባቻ የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ያዘኑ ሰዎች ነበሩ፤ አዝማሪው የት ይግባ ብለው ጠየቁ። በቅንነት ነው የጠየቁት፤ ነገር ግን ከእኛ ቢማከሩ ኖሮ አይጨነቁም ነበር። የእኛ ጠጅ ቤት ሳር ክዳን ያለው፣ ምድጃው የማይጠፋ፣ 60 ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ የተሳለው በአንድ የመብራት ሂሳብ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። ካሳ አይጠየቅበትም፤ ምትክ ቦታ አይፈለግለትም፤ ጎረቤት አይነጣጠልበትም። ባለፈው ክረምት ዝናብ በመስኮት ገብቶ ግማሹን ቢያበሰብሰውም መሪጌታው በአምስት ደቂቃ መልሶ ገንብቶታል፤ እንዲያውም አንድ ክፍል ጨምሮበታል።

የሙያው ክብርም የተመለሰው በእኛ ጠረጴዛ ነው። ሀገሬው አዝማሪውን በሠርጉ ላይ ይወደው ነበር፤ ልጁን ግን አይድርለትም። አብሮት ይጨፍራል፤ ዘሩን ሲቆጥር ግን አንድ ወንበር ፈቀቅ ይላል። አሁን ያ አድልዎ ቀርቷል። የእኛ አዝማሪ ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ልኮ አንድም ጥያቄ ሳይነሳበት ተፈቅዶለታል። ሽማግሌዎቹ ባንክ ነው የሚሠራው አሉ፤ አዝማሪነቱን አልጠቀሱም። ወንድ ልጅ በሙያው መኩራት ያለበት እንዲህ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ በቅርቡ ጉባኤያችንን የፈተነ አንድ ነገር መሸሸግ አልችልም፤ ሐሜት ሆኖ ከሚደርሳችሁ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። ወሩ የሂሳብ መዝጊያ ስለነበር የእኛ አዝማሪ ቀረ፤ በምትኩ ከደብረ ታቦር የመጣ የአክስቱ ልጅ ተቀመጠ። ልጁ ጨዋታውን አያውቅም፤ ወረቀቱን ሰጠነው፣ ሕጉን ነገርነው፣ ራሱን ነቀነቀ። በታሪኩ ዘንዶ የተኛበት ጠጅ ቤት ደርሰን ነበር። ዘንዶው በዘፈን እንቅልፉ ካልጠናለት ሁላችንም አልቀናል።

«እዘፍናለሁ» አለ ልጁ፤ እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱን ጠብቋል።

«ምን ብለህ?» አለ መሪጌታው፤ «ቆንጆ ዘፈን» የሚለውን የተለመደ መልስ እየጠበቀ።

ልጁም የፕላስቲኩን ጠረጴዛ በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገና ዘፈነ። በአፉ። ድምፅ አውጥቶ። ምን እንደምናደርግ ስላላወቅን ዝም አልን። ሰሙ ስለ ጎተራ የእህል መጋዘን ነበር፤ ወርቁን ግን እዚህ ማስፈር ከክብራችን ጋር አይሄድም። የመሪጌታውን ሹራብ ነካ፤ የእኔንም ፀጉር፣ ማለቴ የነበረበትን ቦታ፣ አልዘለለውም። በሁለተኛው ስንኝ በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው። ሳይፈቀድላቸው ገቡ፤ በእጃቸው ማማሰያ ይዘዋል። «ተቀበል!» አሉት ልጁን፤ ስለ እኛ ጩኸት አንድ ስንኝ ሰጡት፤ ተቀበላቸው፤ አሳምሮ መለሰላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሲስቁ ቆዩና ከመቀነታቸው 100 ብር ፈትተው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። በደረጃው የሚያልፍ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

መሪጌታው ግን ሥርዓት አክባሪ ሰው ነው። ሁከቱ እስኪበርድ ጠብቆ ዳይሱን ለልጁ አቀበለው። ወረወረ። 3 ወጣ።

እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው። ዘፈኑ መጥፎ እንደነበረ ተበየነ። ዘንዶው ነቃ፤ ስድስታችንንም በላን። በዚያው ዕለት በተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ ከእንግዲህ በጨዋታ ሰዓት ማንም አዝማሪ ድምፅ እንዳያሰማ ወሰንን፤ የልጁንም ቦታ ለባለቤቱ መለስን። ልጁ አልተቀየመም፤ ማታ ማታ እማማ ቤት እራት እየበላ ከርሞ ወደ ሀገሩ ሄደ ሲባል ሰምቻለሁ።

የቀረው የብሩ ጉዳይ ነበር። በ3 የወጣ ዘፈን ሽልማት ስለማይገባው 100 ብሩ ለሰጪዋ እንዲመለስ በሙሉ ድምፅ ተስማማን፤ ልጁም ሳይከራከር አስረከበን። መሪጌታውና እኔ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወርደን በሩን አንኳኳን። እማማ ማን እንደሆንን ጠየቁ፤ ነገርናቸው። «ልጁ አብሯችሁ አለ?» አሉ። የለም አልን። «እንግዲያስ ምጣድ ላይ ነኝ» አሉና ሳይከፍቱልን ቀሩ። ጉዳዩን በጽሑፍ ለብሎካችን ኮሚቴ አስገብተናል።